ነጩን ይዞ የሚመጣ ወረቀት

መሪጌታ ደባሱን «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «ካናቴራ ትተኩሳለች።» ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አይጨምሩም። ጠያቂው የልብስ ንጽህና ቤት የተቀጠረች መስሎት ከንፈሩን ቢመጥም አያርሙትም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ይማርሽ ይህን መልስ በገዛ ጆሮዋ ሰምታዋለች። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት፣ ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ አንዴ ደግሞ ከራሷ ሱቅ በር ላይ፣ እሷ ውስጥ ሆና እሳቸው ውጭ ቆመው። አልዋሹም እኮ፤ ካናቴራ ትተኩሳለች። ግን አንዳንዱ እውነት እንደ አነጋገሩ ከስድብ ይብሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪጌታ ደባሱ በላሊበላ ከቀሩት ጥቂት ቁም ጸሐፊዎች አንዱ ናቸው። ብራና ይፍቃሉ፤ ጥላሸት ከተቆላ እህል ጋር አስማምተው ጥቁር ቀለም ያዘጋጃሉ፤ መቃ ቀርጸው ይጽፋሉ፤ የሚያሠራቸው ደብር ሲገኝም ሥዕል ይሥላሉ። እግዜር ወንድ ልጅ አልሰጣቸውም። ስለዚህ ይማርሽን ገና በሰባት ዓመቷ ከጎናቸው አስቀምጠው መቃ አስጨበጧት። ቤት ውስጥ «አባባ»፣ መጻፊያው መደብ ላይ «የኔታ» እያለቻቸው አሥር ዓመት ተማረች። በመጨረሻ እጇ ከእጃቸው የማይለይ ሆነ፤ እናቷ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ እንኳ ገጹን አገላብጣ እያየች «ይኼ ያንቺ ነው የሳቸው?» ትል ነበር።

ከዚያ ይማርሽ ወልድያ ኮሌጅ ገባች፤ ተመረቀች፤ ተመለሰች። ስትመለስ ይዛ የመጣችው ግን ባል አይደለም፣ የመንግሥት ሥራም አይደለም፤ አንድ ፕሪንተርና እንደ ሣጥን ተከድኖ እየጋለ ጽሑፍ ልብስ ላይ የሚተኩስ አንድ ሂት ፕረስ ነው። ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ተከራየች። አባቷ ያን ዕለት «እንግዲህ የቤታችን ብርዕ በኔ አበቃ» አሉ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ በቀን ሁለቴ በሱቋ ፊት እያለፉ አንድ ቀን ብቅ ብለው አላዩም። ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ማዶ ያዞራሉ። ማዶ ካለው የቆርቆሮ አጥር ላይ ምን የሚነበብ እንዳገኙ እግዜር ይወቅ።

የይማርሽ ምኞት ብዙ አልነበረም። አባቷ አንድ ቀን ያችን ደረጃ ወጥተው ይግቡ፤ ሥራዋን በዓይናቸው ይዩ፤ ካዩ በኋላም ለጠያቂ ሌላ መልስ ይስጡ። ሌላውን ሁሉ ሠርታ ታገኘዋለች፤ ይኼኛውን ግን ሠርታ የምታገኘው አልነበረም።

የዘንድሮው የገና ሥራ ሲመጣ ታዲያ ደስታዋን አልቻለችውም።

የላሊበላ ሰው ለገና ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣውን ተሳላሚ መቀበል ያውቅበታል። በየመግቢያው ውሃ አሙቆ ይጠብቃል፤ የመጣው ማንም ይሁን ማን አስቀምጦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን አጥቦና ስሞ ያሳልፈዋል። የይማርሽ ሰፈር ወጣቶች እሷን ጨምሮ አርባ ሆነው ሊያጥቡ ተሰባሰቡ። ሰብሳቢያቸው አዝመራው የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው፤ የተመረጠውም ድምፁ ከባጃጁ ጥሩምባ ስለሚበልጥ ነው። «እንግዳው ከሩቅ እንዲለየን አንድ ዓይነት ቲሸርት እንልበስ» ያለው እሱ ነው። «ይማርሽ ትሥራው» ያለውም እሱ ነው። ይህን ያለው ሥራዋን አድንቆ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር አለበት የሚለውን ለጊዜው እንተወው።

ቀለሙ ነጭ ይሁን ሲባል የተከራከረ አልነበረም። በዓል የሚያከብር ሰው ከነጭ ሌላ ምን ይለብሳል? ይማርሽም ደሴ ላለችው ወረቀት አቅራቢዋ ለሀፊዛ ደውላ ሃምሳ ገጽ የነጭ ልብስ ትራንስፈር ወረቀት አስላከች።

ጽሑፉን ኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት ፊደሎች ልትመርጥ ጀመረችና አንዱም አልጥማት አለ። አንዱ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ደረቀባት፤ ሌላው እንደ ሠርግ ጥሪ ተሽኮረመመባት። በመጨረሻ ከመሳቢያዋ ሥር መቃዋን አወጣች። ስንት ዓመት ያልነካችው መቃ ነው። በጥቁርና በቀይ ቀለም «እንኳን ደኅና መጣችሁ፤ እግራችሁን ስጡን» ብላ በገዛ እጇ ጻፈች፤ ከሥሩም አንድ ኩስኩስትና አንድ ሳፋ ሣለች። በስልኳ አንሥታ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችው። ለማንም አልተናገረችም።

በራሷ ነጭ ቲሸርት ላይ ሞከረችው። የነጭ ልብስ ወረቀት አሠራሩ ቀላል ነው። ጽሑፉ መስተዋት ውስጥ እንደሚታየው ተገልብጦ ይታተማል፤ ፊቱ ወደ ልብሱ ይደፋል፤ ሂት ፕረሱ ይከደናል፤ እስኪበቃው ይጠበቃል፤ ከዚያ ወረቀቱ ይላጣል። ይማርሽ መጠበቂያውን በሰዓት አትቆጥርም። አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ሳይቸኩሉ ሲደገም ልክ ነው። ወረቀቱን ስትልጠው ጽሑፉ ነጩ ልብስ ላይ ወለል ብሎ ተቀመጠ። «እሰይ!» አለች ብቻዋን።

ታኅሣሥ ሃያ አምስት ጧት አዝመራው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ተሸክሞ መጣና ሱቁ መሐል ዘረገፈው።

«አርባው ሙሉ ነው፤ ቁጠሪው» አለ።

ይማርሽ ግን መቁጠሩን ትታ አፏን ይዛ ቀረች። ቲሸርቶቹ ቡናማ ናቸው፤ ለዚያውም እስኪጠቁር የተቆላ ቡና።

«አዝመራው፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ቲሸርት ነዋ።»

«ነጭ አልነበረም እንዴ የተባለው?»

«አባ ሰይፈ ሥላሴ ናቸዋ!» አለ አዝመራው። አባ ሰይፈ ሥላሴ የሰፈሩ ሁሉ ንስሐ አባት ናቸው። «ትናንት ቡራኬ ልንቀበል ሄድን። ‹ምን ልትለብሱ ነው?› አሉን። ‹ነጭ› አልናቸው። ‹ነጭማ የእንግዳው ነው› አሉ። ‹ሰው ከጋይንት ድረስ በእግሩ ሲመጣ ነጠላውን በፌስታል ጠቅልሎ ለበዓሉ ያቆየዋል፤ አቧራ ለብሶ ነው የሚደርሰው። እናንተ ነጭ በነጭ ሆናችሁ ብትቀበሉት እግሩን ሊሰጣችሁ ያፍራል። አጣቢ የአፈር መልክ ይልበስ› አሉን። እስቲ አሁን ምን ይባላሉ?»

ምንም አይባሉም። ነገሩ ትክክል ነዋ።

«ታዲያ ለኔ አትነግረኝም?»

«ምን ለውጥ አለው ብዬ? ማሽኑ ያው ማሽን፣ ቀለሙ ያው ቀለም።»

«ባጃጅህ ውስጥ ናፍጣ ልሙላልህ?»

«ኧረ በሥላሴ! ሞተሩን ልትገይው ነው?»

«እንደሱ ነው። ይኼ ወረቀት የነጭ ልብስ ነው፤ ለጥቁር ልብስ ሌላ ወረቀት አለው።»

አዝመራው ወረቀቱን አንሥቶ አገላብጦ አየው። «ያው ወረቀት ነው እንጂ» አለ። «እስቲ አንዷን ሞክሪያት። ምን ይታወቃል፣ በዓልም አይደል?»

ይማርሽ እንደማይሆን ታውቃለች። ግን ጭንቅ ሲመጣ ዐዋቂም ይሞኛል። ቶሎ ብላ አተመችው፤ ደፋችው፤ ከደነችው፤ ጸሎቱንም አጣድፋ ደገመችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ወረቀቱን ስትልጠው ቡናማው ላይ የቀረው እንደ ቅባት የሚያብለጨልጭ ነገር ብቻ ነው። ጥቁሩም ቀዩም ጽሑፍ ውስጥ ለውስጥ ሰምጧል።

«የት ገባ?» አለ አዝመራው። ቲሸርቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። እጅጌው ውስጥም እጁን ሰድዶ ፈለገ።

ይማርሽ ስልኳን አንሥታ ደሴ ደወለች።

«አለሁ የኔ ማር!» አለች ሀፊዛ። «የጥቁር ልብስ ወረቀት? ወላሂ አንዲት ቅጠል የለኝ! ለገናና ለጥምቀት ብለው ጠርገው ወሰዱት። አዲሱ የሚገባው ከበዓሉ በኋላ ነው።»

«አለቀልኛ!»

«አብሽሪ! ምኑ ነው የሚያልቅ?»

«የነጩን ወረቀት ሁለት ጊዜ ደራርቤ ብተኩሰውስ?»

ሀፊዛ ከት ብላ ሳቀች። «መስተዋት በመስተዋት ላይ ብትደርቢ ግድግዳ ሊሆንልሽ ነው? ስሚኝ። የነጩ ወረቀት የራሱ ነጭ የለውም፤ ነጩን ከልብሱ ነው የሚለምነው። ልብሱ ነጭ ከሆነ ይሰጠዋል፤ ጥቁር ከሆነ ከየት አምጥቶ ይስጠው? የጥቁሩ ልብስ ወረቀት ግን ነጩን ይዞ ነው የሚመጣ። ነጭ መደብ አለው፤ ቀለሙ ከመደቡ ላይ ነው የሚያርፍ። ለዚያ ነው የማይገለበጠው፤ ለዚያ ነው ወፈር የሚለው።»

«ምን አልሽ?»

«ወፈር የሚለው አልኩ።»

«ከዚያ በፊት።»

«ነጩን ይዞ ነው የሚመጣ አልኩ። ምነው፣ መስመሩ ተበላሸ?»

መስመሩ አልተበላሸም። ይማርሽ ግን ሀሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ከኮን ከተማ አልፋ ባለች አንዲት የዋድላ ደብር ግድግዳ ሊሥሉ ሲሄዱ ይዘዋት ሄደው ነበር። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው። «እዚሁ ድንጋዩ ላይ አይሥሉም?» ብትላቸው «ድንጋይ ቀለም ይጠጣል» አሉ። «ጥቁር ግድግዳ ነጭ ካላለበሱት ሥዕል አይቀበልም።» ከዚያ አቡጀዲ አለበሱት፤ አቡጀዲውን ነጭ ቀቡት፤ መጨማደዱንም እሷ በመዳፏ እንድትዳብሰው ፈቀዱላት።

«ሀፊዛ፣ ዕድሜ ይስጥሽ!» ብላ ዘጋች። ሀፊዛ ምን ውለታ እንደዋለች አላወቀችም።

«አዝመራው፣ ሩጥ!» አለች ይማርሽ። «ነጭ ጨርቅ አምጣልኝ። ጽሑፉን ነጭ ጨርቅ ላይ እናትመውና ጨርቁን ቲሸርቱ ደረት ላይ እንሰፋዋለን።»

አዝመራው ሮጠ። ከገበያ ሁለት ዓይነት ነጭ ጨርቅ ይዞ መጣ። ሁለቱም ናይሎን ተቀላቅሎባቸዋል፤ ሂት ፕረሱ ሲያርፍባቸው አንዱ እንደ ደረቀ እንጉዳይ ተኮማተረ፤ ሌላው ወይቦ ሸተተ። የሚያስፈልገው ንጹሕ ጥጥ ነው። ንጹሕ ጥጥ ደግሞ የት እንዳለ ይማርሽ ደኅና አድርጋ ታውቃለች። 

አባቷ ሣጥን ውስጥ አንድ ጥቅል አቡጀዲ አለ። አራት ዓመት ሆነው። መሪጌታ ደባሱ የእመቤታችንን ሥዕል ሊሥሉበት ገዝተው አስቀምጠውታል። «ዓይኔ ጠራ ሲልልኝ» እያሉ ያቆዩታል፤ ዓይናቸው ግን በየዓመቱ ይደክማል እንጂ አልጠራም። ያን ጨርቅ ማንም አይነካውም። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ እንኳ ሣጥኑን ስትጠርግ ዙሪያውን ነው የምትጠርገው።

ስትደርስ አባቷ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ሆነው፣ መወጠሪያ ላይ የተዘረጋ ብራና ይፍቃሉ። ይማርሽ ፊታቸው ቆማ ቃሉን አምጣ አወጣችው።

«የኔታ» አለች።

መፋቂያው ቆመ። መቃዋን አስቀምጣ ወልድያ ከሄደች ወዲህ ከአፏ ይህን ስም ሰምተው አያውቁም። «አባባ» ነበር የምትላቸው፤ እሱም ሲቸግራት።

«ምን ፈለግሽ?»

«ያን አቡጀዲ።»

ከማድ ቤት «ወይ ጉዴ!» የሚል የእናቷ ድምፅ ተሰማ።

«ለካናቴራሽ?» አሉ መሪጌታ።

«ለእግር አጣቢዎቹ።» የአባ ሰይፈ ሥላሴን ቃል፣ የወረቀቱን ነገር፣ የሰመጠውን ጽሑፍ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። «ጥቁር ግድግዳ ነጭ ካላለበሱት ሥዕል አይቀበልም ብለውኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ዋድላ ሳለን።»

መሪጌታ ደባሱ መፋቂያውን አስቀመጡ። «ያኔ አፍንጫሽን ስትጎረጉሪ ነበር» አሉ። «የምትሰሚ አልመሰለኝም።»

ተነሥተው ገቡ። ሣጥኑ ሲከፈት ተሰማ። ጥቅሉን ይዘው ወጡና ሰጧት፤ ስትቀበላቸው ግን አለቀቁትም። ሁለቱም ጥቅሉን ይዘው ተፋጠው ቆሙ።

«የምትቆርጪው በምንድን ነው?»

«በመቀስ።»

«ክሩን ሳትከተይ ሰያፍ ብታስገቢበት ይተረተርብሻል።»

«እጠነቀቃለሁ።»

«አትጠነቀቂም። ጨርቁ የኔ ነው፤ የምቆርጠውም እኔ ነኝ» ብለው ጥቅሉን ከእጇ ነጥቀው፣ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ቀድመዋት ከግቢ ወጡ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ እጇን አፏ ላይ ጭና በሩ ላይ ቀረች።

እንግዲህ መሪጌታ ወደ ልጃቸው ሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት እንዲህ ነው። ሥራዋን ሊያዩ አይደለም፤ ለጨርቃቸው ዘብ ሊቆሙ ነው። ቢሆንም ደረጃው ያው ደረጃ ነው፤ ወጡት። ይማርሽ ከኋላቸው ሆና ስትከተል አዝመራው አይቷት «ምን ያስቅሻል?» አላት። ስታለቅስ እንደነበርም አላየም።

መሪጌታ ግራ ቀኝ አላዩም። ማዕዘን ይዘው ተቀመጡ፤ ከጨርቁ አንድ ክር መዝዘው የክሩን ፈለግ ተከትለው መቁረጥ ጀመሩ። የሚቆርጧቸው ቁራጮች ሁሉ እኩል ናቸው። ይማርሽ የመጀመሪያውን ገጽ አትማ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሽማግሌው በዓይናቸው ጠርዝ አዩት። ጽሑፉ የተገለበጠ ነው። ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ገጹን አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ፤ ከጀርባው በፀሐይ አዩት። በፀሐይ ሲታይ ጽሑፉ ተቃንቶ ይነበባል።

እዚያው በሩ ላይ ሆነው ፊደሉን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ኮምፒውተሩ አይደለም?»

«አይደለም፣ የኔታ። እኔ በመቃ ጻፍኩት፤ ኮምፒውተሩ ያዘልኝ እንጂ።»

«ይቺ ‹ግ› ወደ ግራ የምታጋድለው የኔ ናት» አሉ መሪጌታ። «ሃምሳ ዓመት ላቃናት ታግዬ አቃተኝ። አንቺ ደግሞ ነውሬን ሳይቀር ወርሰሻል።»

ተመልሰው ተቀመጡና መቁረጣቸውን ቀጠሉ። ይማርሽ የመጀመሪያውን ቁራጭ ሂት ፕረሱ ላይ ዘረጋች፤ ወረቀቱን ደፋች፤ ከደነችና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች።

«ምንድን ነው የምትደግሚው?»

«‹አቡነ ዘበሰማያት›። እርስዎ ቀለም ሲያፈሉ የሚቆጥሩበት።»

 የመጀመሪያዋ ቁራጭ ዓይኗ አባቷ ላይ ስለነበር ትንሽ ተንጋዳ ወጣች። ይማርሽ ልትጥላት ስትል አባቷ ተቀብለዋት ጋቢያቸው ውስጥ ከተቷት። ጽሑፉ ግን ወለል ብሎ ይታያል፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ። ሁለተኛዋ ቀጥ አለች። በሦስተኛዋ ላይ ሽማግሌው ከማዕዘናቸው ሆነው አብረዋት ይደግሙ ጀመር። በአምስተኛዋ ላይ አዝመራው በዚያ ድምፁ ገባበት። የባጃጅ ተሳፋሪዎች በር ላይ ቆመው ያማትቡ ነበር፤ አንዲት እናትም ጠበል ይሰጣል ብለው ጠርሙስ ይዘው ገብተዋል።

በማግስቱ የሱቁ ደረጃና የመንገዱ ዳር በሚሰፋ ሰው ሞላ። እያንዳንዱ አጣቢ የራሱን ይስፋ ተብሎ መርፌና ክር ተሰጠው። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ቆሎ አምጥታ፣ መሐላቸው እየዞረች «ጠጋ ጠጋ አድርገህ ስፋ! ይኼ የዶሮ እርምጃ ነው እንጂ ስፌት ነው?» ትላቸዋለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ከቀትር በፊት አለቀ። የተበላሸው የአዝመራው ብቻ ነው፤ ጭኑ ላይ አድርጎ ሲሰፋ ቲሸርቱን ከሱሪው ጋር አብሮ ሰፍቶት ሊነሣ ሲል ተይዞ ቀረ። ያን ቀን ሰፈሩ የሳቀው ሳቅ የጾሙን ድካም አስረሳ።

የለበሱት ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። አርባኛው ያ ጽሑፍ የሰመጠበት፣ ቁራጭም ያልተረፈው ነው፤ ይማርሽ እሱን የራሷ ድርሻ አድርጋ ማዕዘን ጣለችው። እሷ ያላትን ለብሳ ታጥባለች፤ አልከፋትም። የከፋት ሌላ ነው። አባቷ ሥራዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተዋል፤ ጨርቃቸውን ሰጥተዋል፤ ግን የመጨረሻዋን ቁራጭ ቆርጠው ሲጨርሱ እጃቸውን አራግፈው «ደኅና ዋሉ» ብቻ ብለው ሄዱ።  ሰው ከሦስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ በአንድ ቀን እንዲፈታ መመኘቱ ጅልነት ነው ብላ ራሷን ገሠጸች።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ማለዳ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መግቢያው ላይ በርሜል ውሃ ይንተከተካል፤ ሳፋዎቹ ተደርድረዋል። ተሳላሚው ከዳገቱ ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ፤ ከሰቆጣ፣ ከደላንታ፣ ከጋይንት፣ አቧራው እስከ ጉልበቱ ድረስ። የአባ ሰይፈ ሥላሴ ነገር እውነት ነበር። ሰዎቹ አፈር የመሰለውን ልብስ ሲያዩ አላፈሩም፤ ነጩን ቁራጭ ደግሞ ከሩቅ ያዩታል፣ ቀርበው ፊደል የሚያውቀው ላላወቀው ያነብለታል፣ ሳቅ ብለው እግራቸውን ይዘረጋሉ። አዝመራው አዲስ ሱሪ ለብሶ «እግር! እግር ስጡን!» እያለ ይጣራል።

ይማርሽ የአንዲት አሮጊት እግር ሳፋ ውስጥ ይዛ ሳለች ሕዝቡ መሐል ለመሐል መንገድ ሲከፍት አየች። የመጡት መሪጌታ ደባሱ ናቸው። ጥምጣማቸው እንዳለ ነው፤ ከነጭ ልብሳቸው ላይ ግን ያን የተበላሸውን ቡናማ ካናቴራ ደርበዋል። የሰመጠው ጽሑፍ ላይ ያቺ የተንጋደደች ቁራጭ ተሰፍታበታለች። ስፌቱ የመርፌ ክር አይደለም፤ የተቀደደ ብራና የሚጠገንበት ጅማት ነው፤ ጥልፉም የብራና ጥልፍ ነው።

«አባባ፣ ይኼኮ የኔ ነው!» አለች ይማርሽ።

«ጥለሽው ነበር» አሉ መሪጌታ። አጠገቧ ተንበረከኩ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ፊታቸው የተቀመጠውን የደላንታ ሽማግሌ እግር ወደ ሳፋው ሳቡት።

ሽማግሌው ደነገጡ። «ኧረ የኔታ! አንቱን የመሰለ ሊቅ የኔን እግር?»

«እግር እግር ነው። ይስጡኝ።»

ሽማግሌው እግራቸውን ሰጡ፤ ዓይናቸው ግን መሪጌታ ደረት ላይ ነበር። አጎንብሰው ቀስ ብለው አነበቡት። «እንዴት ያለ ፊደል ነው! የአንቱ እጅ ነው?»

«የልጄ ነው» አሉ መሪጌታ ውሃ እያፈሰሱ።

«እሰይ፣ ይባረኩ። ልጅዎ ምን ትሠራለች?»

የይማርሽ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። አዝመራው እንኳ አንገቱን አሰገገ።

መሪጌታ ደባሱ አልቸኮሉም። የሽማግሌውን እግር ከሳፋው አውጥተው በፎጣ አደረቁ፤ አጎንብሰው ሳሙት፤ ቀና አሉ።

«ቁም ጸሐፊ ናት» አሉ።

ይማርሽ ቀና ማለት አልቻለችም። እጇ ሥራ ይፈልግ ነበርና ያንኑ የአሮጊቷን እግር አጥብቃ ይዛ ማሸት ጀመረች፤ እንባዋ ሳፋው ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ፊቷ ግን ከዳር እስከ ዳር ይስቃል። አሮጊቷ ታገሡ፣ ታገሡና በመጨረሻ ራሷን ዳበሷት።

«ልጄ» አሏት፤ «ይኼን እግር ስታጥቢው ሦስተኛሽ ነው። አንዱ ገና ጫማው ውስጥ ነው።»